ነቢዩ ሲሞት መንበሩ የማን ነው? የ1844ቱ የሞርሞኖች ክርክር

ኮሎምበስ_ነዋሪ ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን ነድቼ ከርትላንድ ሄጄ ነበር። ክሊቭላንድ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሞርሞኖች በ1836 ያስመረቁት የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ እዚያው ቆሟል። ስለ ሕንጻው ብዙ አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ግን በዓይኔ እስካየው ድረስ አልገባኝም ነበር። አዳራሹ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ጫፍ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ የሚሄዱ የአለቆች መንበሮች አሉ። በሌላው ጫፍም እንደዚያው። አንደኛው ለመልከ ጼዴቅ (ለከፍተኛው) ክህነት፣ ሌላኛው ለአሮን (ለዝቅተኛው) ክህነት ነው። ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሕዝቡ መሐል ላይ ይቀመጣል። አግዳሚዎቹ ደግሞ አቅጣጫ እንዲቀይሩ ሆነው ነው የተሠሩት። ተናጋሪው ከዚህኛው ጫፍ ከሆነ ሕዝቡ ወደዚህ ይዞራል፤ ከወዲያኛው ከሆነ ወደዚያ።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ ኦገስት 8 ቀን 1844 ነው።

ለማታውቁት ታሪኩ ባጭሩ ይኸውላችሁ። የሞርሞኖች ነቢይ ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን ያቋቋመው አፕሪል 6 ቀን 1830 በኒው ዮርክ ግዛት ነው። ከዚያ ወደ ኦሃዮ (ወደዚያችው ከርትላንድ)፣ ከዚያም ወደ ሚዙሪ ሄዱ። በ1838 የሚዙሪው ገዢ ሊልበርን ቦግስ ከግዛቱ ይውጡ፣ ካልሆነም ይጥፉ የሚል ትእዛዝ አወጣባቸው። ወደ ኢሊኖይ ተሰደው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ናቩ የምትባል ከተማ ሠሩ። ጁን 27 ቀን 1844 ጆሴፍና ታላቅ ወንድሙ ሃይረም በካርቴጅ እስር ቤት ውስጥ ተገደሉ። ገዳዮቹ ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ታጣቂዎች ነበሩ። ጆሴፍ ገና 38 ዓመቱ ነበር።

ሃይረም ቢተርፍ ኖሮ ክርክሩ ይህን ያህል ባልከረረ ነበር ባይ ነኝ። ከጆሴፍ ቀጥሎ የሚታየው እሱ ነበር። ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ወደቁ። ሌላው ወንድማቸው ሳሙኤልም በወሩ ታሞ ሞተ። የጆሴፍ ልጅ፣ ሦስተኛው ጆሴፍ፣ 11 ዓመቱ ነው። አብዛኞቹ ሐዋርያት ከከተማው ርቀው ምሥራቁ አገር ነበሩ። ጆሴፍ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ስለነበር፣ ለእሱ እየቀሰቀሱና እየሰበኩ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ሲድኒ ሪግደን ነው። የጆሴፍ የመጀመሪያ አማካሪ ነበረ። ከፒትስበርግ መጥቶ ኦገስት 3 ናቩ ገባ። ራእይ አይቻለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሞግዚት ልሆንላት ተሹሜያለሁ አለ። የሐዋርያቱ አለቃ ብሪገም ያንግ የገባው ኦገስት 6 ነው። በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ተሰበሰበ።

ያን ቀን ነፋስ ነበር። ሪግደን ድምፁ እንዲሰማለት ብሎ ከሕዝቡ በስተኋላ በቆመ ጋሪ ላይ ወጣ። ሕዝቡም መድረኩን ጀርባ ሰጥቶ ወደ ጋሪው ዞረ። ሪግደን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተናገረ። ንግግር አዋቂነቱ የታወቀ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሆነለትም። ሲጨርስ ከወዲያ ከመድረኩ ሌላ ድምፅ መጣ። ብሪገም ነው። ሕዝቡ እንደገና ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ብሪገም ነገሩን ለሕዝቡ አቀረበ። እጅ ሲወጣ ብዙው ከአስራ ሁለቱ ሐዋርያት ጋር ቆመ። ልብ በሉ፤ ያን ቀን ብሪገም ነቢይ ተብሎ አልተመረጠም። አስራ ሁለቱ በጋራ ይምሩን ነው የተባለው። ብሪገም በፕሬዝዳንትነት የተሾመው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 1847 ላይ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ጆሴፍ አንድ በር ብቻ ትቶ አልሄደም። ብዙ በር ነው የከፈተው። ለአማካሪውም፣ ለሐዋርያቱም፣ ለልጁም የሆነ ጊዜ የሆነ ነገር ብሏል። ዴቪድ ዊትመርን እንኳ በ1834 ለሚዙሪ ሲሾመው፣ እኔ ባልኖር ተተኪዬ ነው የሚል ቃል ነበረበት። ስለዚህ በኋላ የተከራከሩት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። እያንዳንዱ ከጆሴፍ አፍ የወጣ ነገር ይዟል። በመጨረሻ የወሰነው ሕዝቡ የዞረበት አቅጣጫ ነው። ምን ትላላችሁ?

አንባቢ ጻፈ፦

ጋሼ በጣም ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውየው በሕይወት እያለ ሥልጣኑን የተከራከረው ሰው አልነበረም? ነው ወይስ ችግሩ የመጣው ሲሞት ነው?

ኮሎምበስ_ነዋሪ ጻፈ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነበረ። በ1830 ሃይረም ፔጅ የሚባል ሰው በአንዲት ድንጋይ አማካይነት ራእይ ይደርሰኛል አለ። ኦሊቨር ካውደሪን ጨምሮ ትልልቆቹ አመኑት። ኦሊቨር ማለት መጽሐፈ ሞርሞን ሲጻፍ ጸሐፊ የነበረው ነው። ያኔ ጆሴፍ ራእይ አወጣ። ለመላው ቤተ ክርስቲያን ትእዛዝና ራእይ የሚቀበለው እሱ ብቻ ነው ተባለ። በ1831 ደግሞ ሌላ ራእይ ተጨመረ። ጆሴፍ ቢወድቅ እንኳ ተተኪውን የሚሾመው ራሱ ጆሴፍ ነው ይላል። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው።

በ1837 ከርትላንድ ውስጥ ያቋቋሙት ባንክ ከሰረ። ሰው ገንዘቡን አጣ። ነቢይ ከሆነ እንዴት ይህን አላየም የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከሐዋርያቱ ሳይቀር የተለዩት አሉ። ያ ያየሁት ቤተ መቅደስ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ ያውቃል። በ1838 ኦሊቨርም ዴቪድ ዊትመርም ተወግዘው ወጡ። ሁለቱም መጽሐፈ ሞርሞን የተተረጎመበት የሚባለውን የወርቅ ሰሌዳ አይተናል ብለው የፈረሙ ምስክሮች ናቸው። ያን ምስክርነታቸውን ግን አልካዱም። ካዱ የተባለው የጆሴፍን አመራር ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የአብነት_ተማሪ ጻፈ፦

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሃይማኖቱ ክርክር ውስጥ አልገባም። ታሪኩን ሳነብ ግን ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 ነው የመጣብኝ። ኤልያስ ሲያርግ መጎናጸፊያው ወደቀ፤ ኤልሳዕ አነሣው። የነቢያት ልጆችም የኤልያስ መንፈስ በኤልሳዕ ላይ ዐርፏል አሉ። ሞርሞኖቹ ስለ ብሪገም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የጨው_ሐይቅ ጻፈ፦

እኔ ልመልስ። ሶልት ሌክ ሲቲ ነው የምኖረው፤ የቤተ ክርስቲያኑም አባል ነኝ።

አዎ፣ እኛ ጋ የታወቀ ታሪክ ነው። ብሪገም ሲናገር ድምፁም መልኩም እንደ ጆሴፍ ሆነ የሚሉ ምስክሮች አሉ። ከመቶ በላይ ሰው በየማስታወሻው ጽፎታል ወይም ሲናገር ተጽፎለታል። መጎናጸፊያው በብሪገም ላይ ወደቀ ይባላል፤ ያልከው የኤልያስ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ምስክርነቶቹ የተጻፉት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ከብዙ ዓመት በኋላ። በዚያው ቀን በተያዙት ማስታወሻዎች ላይ መልክ ስለመለወጡ የተጻፈ የለም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እኔ የማምነው ያን ቀን ሕዝቡ በልቡ አንድ ነገር እንደተሰማው ነው። ቃል ያገኙለት ቀስ ብለው ነው።

ግን ኮሎምበስ፣ ብዙ በር ከፈተ ያልከው ላይ አልስማማም። በሮቹ እኩል አልነበሩም። በ1835 የወጣው ራእይ አስራ ሁለቱ ሐዋርያት በሥልጣን ከቀዳሚ አመራሩ፣ ማለት ከፕሬዝዳንቱና ከአማካሪዎቹ ጋር እኩል ናቸው ይላል። በ1844 ጸደይ ደግሞ ጆሴፍ ሐዋርያቱን ሰብስቦ የመንግሥቱን ቁልፎች ሰጥቻችኋለሁ፣ ከእንግዲህ ሸክሙ በእናንተ ትከሻ ላይ ነው እንዳላቸው እዚያ የነበሩት መስክረዋል። ይህ እንግዲህ የተሰጠ አደራ ነው። ሪግደን ግን ምን ነበረው? ጆሴፍ ራሱ በኦክቶበር 1843 ጉባኤ ላይ ከአማካሪነት ሊያወርደው ፈልጎ ነበር። ሕዝቡ ነው ይቆይ ያለው።

ሌላም ነገር አለ። ሐዋርያቱ በ1840 እና በ1841 እንግሊዝ ሄደው ሰብከዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥምቀዋል። ከነዚያ ውስጥ ብዙው ባሕር ተሻግሮ ናቩ ገብቷል። የዚያ ሕዝብ አባቶች እነ ብሪገም ናቸው። ቤቱ ገብተው በልተዋል፤ ልጁን ባርከዋል። እጅ ሲያወጣ የሚያውቀውን ሰው ነው የመረጠው።

ነገረፈጅ ጻፈ፦

እኔ ጠበቃ ነኝ። ስለዚህ ሰነድ ነው የምጠይቀው።

ጨው ሐይቅ ወንድሜ፣ ያ የ1844 አደራ በጽሑፍ የት አለ? ተቀበልን ያሉት ራሳቸው ሐዋርያቱ ናቸው። ተጠቃሚው ራሱ ምስክር ሲሆን ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚያየው ታውቃለህ። የ1835ቱም ቢሆን እኩልነቱን ለአስራ ሁለቱ ብቻ አልሰጠም። ሰባዎቹ የሚባሉት ሰባኪዎችም እኩል ናቸው ይላል፤ ምእመኑን በየአካባቢው የሚያስተዳድሩት የጽዮን ከፍተኛ ምክር ቤቶችም ተጠቅሰዋል። የናቩ ምክር ቤት አለቃ ዊልያም ማርክስ የሪግደን ደጋፊ ነበር። ያን አንቀጽ ሙሉውን ካነበብነው ክርክሩ አይዘጋም።

በጽሑፍ ሰነድ ይዞ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጄምስ ስትራንግ። እሱም እንደኔ ጠበቃ ነበር። ከተጠመቀ ገና አራት ወሩ ነው። ከዊስኮንሲን ብቅ ብሎ ከጆሴፍ የተላከልኝ የሹመት ደብዳቤ ይኸው አለ። ቀኑ ጁን 18 ቀን 1844 ይላል፤ ጆሴፍ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ማለት ነው። በላዩ ላይ የናቩ ፖስታ ቤት ማኅተም አለው፤ ጁን 19 ይላል።

እስቲ ራሳችሁን በዚያ ዘመን አስቀምጡ። ነቢያችሁ ተገድሏል። ተተኪውን የሚሾመው ራሱ ነው የሚል ራእይ አላችሁ። አንድ ሰው የፖስታ ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያወጣል። ምን ትላላችሁ? ብዙዎች አምነውታል። የመጽሐፈ ሞርሞንን ማሳተሚያ የከፈለው ማርቲን ሃሪስ፣ ሐዋርያው ጆን ፔጅ፣ የጆሴፍ ወንድም ዊልያም ስሚዝ፣ ቅድም ያነሣሁት ዊልያም ማርክስ፣ ሁሉም ለጊዜው ስትራንግ ጋ ነበሩ።

ደብዳቤው ዛሬ ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ችግሩ ፊርማው ነው። በተነጣጠሉ ፊደላት የተጻፈ እንጂ የጆሴፍ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ማኅተም ግን አንድ ወረቀት ናቩ ውስጥ ፖስታ ቤት መግባቱን እንጂ ውስጡ ምን እንደተጻፈ አይመሰክርም።

አንባቢ ጻፈ፦

ስትራንግ መጨረሻው ምን ሆነ?

ነገረፈጅ ጻፈ፦

በ1845 ምስክሮችን ይዞ አንድ ዛፍ ሥር አስቆፈረ። ሦስት ትንንሽ የናስ ሰሌዳዎች ወጡ። ተረጎምኳቸው አለ። የጆሴፍን መንገድ አንድ በአንድ ነው የተከተለው፦ መልአክ፣ ሰሌዳ፣ ትርጉም። በኋላ ተከታዮቹን ይዞ ሚሺጋን ሐይቅ መሐል ያለች ቢቨር ደሴት ገባ። በ1850 ዘውድ ጭኖ ንጉሥ ተባለ። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን ሲቃወም የነበረ ሰው፣ ሁለተኛ ሚስቱን የወንድ ልብስ አልብሶ የወንድ ስም ሰጥቶ ጸሐፊዬ ናት ሳይሆን ጸሐፊዬ ነው እያለ ይዟት ይዞር ነበር። ጁን 1856 ላይ የገዛ ሰዎቹ ተኩሰው መቱት። ወዲያው አልሞተም፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በሹመት ደብዳቤ የመጣ ሰው፣ ጊዜ እያለው፣ ተተኪ ሳይሾም ሞተ። ማኅበሩም ተበተነ።

እሙ_ሰላም ጻፈች፦

ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ጻፋችሁ። ስለ ኤማ ማን ይጻፍ?

ኤማ ስሚዝ የጆሴፍ ሚስት ናት። ባሏ ሲገደል ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ የተወለደው ኖቬምበር 1844 ነው፤ አባቱን አላየም። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ልጆች አሉ፤ አማቷም ከእሷ ጋር ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረትና የጆሴፍ ንብረት ደግሞ ተደባልቋል። መሬቱም ዕዳውም በእሱ ስም ነው። ብሪገም የማኅበሩ ነው ይላል፤ እሷ የልጆቼ ነው ትላለች። የእናንተ የሥልጣን ክርክር ለእሷ የዳቦ ክርክር ነበር።

ከዚያ ላይ የሚስቶቹ ጉዳይ አለ። ጆሴፍ ሌሎች ሴቶችን አግብቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ እሷው ቤት ያደሩ ወጣቶች ናቸው። እሷ ታውቅ ነበር፤ አንዴ እሺ ትላለች፣ አንዴ እንቢ። በሕዝብ ፊት ግን እስክትሞት ድረስ አልነበረም ብላለች። አስራ ሁለቱ ይህን ሥርዓት የሚቀጥሉ ናቸው። እንዴት ብላ ትከተላቸው? በ1846 ሕዝቡ በበረዶው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ሲሄድ እሷ ቀረች። በ1847 ሞርሞን ያልሆነ ሰው አገባች። ልጆቿን እዚያው ናቩ አሳደገች።

ሰዎች ከዳች ይሏታል። እኔ እንደ እናት ሳየው ሕፃን ልጅ ታቅፋ በረሃ ያልገባች ሴት ናት። ወደ ምዕራብ ካልሄዱት ሰዎች የተቋቋመውን ሌላ ቤተ ክርስቲያን በኋላ የመራው ትልቁ ልጇ፣ ሦስተኛው ጆሴፍ ነው። አፕሪል 6 ቀን 1860 አምቦይ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ተሾመ። እሷም አብራው ሄዳ ነበር። ልጇ ያኔ 27 ዓመቱ ነው። ሰዎች ለዓመታት ና ምራን ሲሉት እንቢ ብሎ ቆይቶ ነው። የመጣሁት በራሴ አይደለም፣ መንፈስ አምጥቶኝ ነው አለ። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን እንደሚጸየፍም እዚያው ተናገረ። እናቱ ተቀምጣ ስትሰማው እስቲ አስቡት።

የጨው_ሐይቅ ጻፈ፦

እህቴ፣ ልክ ብለሻል። እኛ ጋም ለብዙ ዘመን ስለ ኤማ ክፉ ሲነገር ኖሯል። እኔን ያሳፍረኛል። ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል።

የአብነት_ተማሪ ጻፈ፦

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 የይሁዳ ቦታ ክፍት ሲሆን ዕጣ ተጣለ፤ ለማትያስ ወጣ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ማንም አልተጣላም። እዚህ ግን ሥርዓቱ ራሱ ነው የጠፋው። ደም ነው? ሹመት ነው? የሕዝብ እጅ ነው? ራእይ ነው? አራቱም በአንድ ቤት ውስጥ አሉ። በኋላስ እንዴት አስተካከሉት?

የጨው_ሐይቅ ጻፈ፦

በዕድሜ ሹመት። ማለት በሐዋርያነት ረጅም ዘመን የቆየው ነው የሚተካው። ዛሬ ፕሬዝዳንቱ ሲያርፍ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ማንም አይከራከርም።

ግን አንድ ቀን ተቀምጠው ያወጡት ሕግ አይደለም። ቀስ እያለ ነው የረጋው። ብሪገም በ1847 ቀዳሚ አመራሩን እንደገና ላቋቁም ሲል ኦርሰን ፕራት የተባለው ሐዋርያ አስራ ሁለቱ ይበቃሉ ብሎ ተከራክሯል። በ1875 ደግሞ ብሪገም የሐዋርያቱን ተራ አስተካከለ። ኦርሰን ሃይድና ኦርሰን ፕራት በጆሴፍ ዘመን ለጊዜው ከማኅበሩ ወጥተው የተመለሱ ናቸው። ስለዚህ ተራቸው ከተመለሱበት ቀን ይቆጠር ተባለ፤ ከጆን ቴይለር በታች ሆኑ። ብሪገም በ1877 ሲሞት የመራው ቴይለር ነው። ቴይለር ማለት ካርቴጅ እስር ቤት ከጆሴፍ ጋር ሆኖ በጥይት የቆሰለው ነው። ያ ተራ ባይስተካከል ፕሬዝዳንቱ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

አንባቢ ጻፈ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በክፋት አይደለም የምጠይቀው። ይህ ሁሉ ለእኛ ለሐበሾች ምን ያደርግልናል?

የጨው_ሐይቅ ጻፈ፦

ክፋት የለበትም። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 እሑድ፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባላት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለተራበው ወገን ሰጥተዋል። ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሰበሰበው። ጹሙ ብሎ ያወጀው ቀዳሚ አመራሩ ነው፤ በ1847 ይኑር አይኑር የተባለው። እኔ የዚህን ቤት ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ነገረፈጅ ጻፈ፦

ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ስለ ሰነድ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1981 ጆሴፍ ልጁን ለመንበሩ እንደባረከው የሚያሳይ ጽሑፍ ተገኘ ተባለ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1844 የሚል ቀን አለው። የዩታው፣ ማለት ብሪገምን ተከትሎ ምዕራብ የሄደው ቤተ ክርስቲያን ወረቀቱን ለልጁ ቤተ ክርስቲያን አሳልፎ ሰጠ፤ በምትኩ ብርቅ የሆነ የ1833 የራእይ መጽሐፍ ተቀበለ። ወረቀቱ ሐሰተኛ ነበር። የሠራው ማርክ ሆፍማን የሚባል የድሮ ሰነድ ነጋዴ ነው። ሊጋለጥ ሲል በ1985 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ቦምብ አጥምዶ ሁለት ሰው ገደለ። ሰውየው ያቺን ወረቀት መርጦ የሠራው ቁስሉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። 137 ዓመት አልፎ እንኳ ያ ጥያቄ ሰው ያሳምማል።

ኮሎምበስ_ነዋሪ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። ጨው ሐይቅ፣ በሮቹ እኩል አይደሉም ያልከው አሳምኖኛል፤ ግማሹን። ሐዋርያቱ ሕዝቡን ያውቁታል፣ ሕዝቡም ያውቃቸዋል። ናቩ ላይ የጀመሩትን ቤተ መቅደስም አስጨረሱ። ከመሰደዳቸው በፊት በጥቂት ወር ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ሥርዓቱን ተቀበለ። ይህ ከማንም ደብዳቤ ይበልጣል።

ግን ሁሉም ምዕራብ አልሄደም። ላይመን ዋይት ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ተከታዮቹን ይዞ ቴክሳስ ገባ፤ ጆሴፍ የላከኝ እዚያ ነው ብሎ። አልፊየስ ከትለር አይዋ ቀረ፤ ሰዎቹ በኋላ ሚኒሶታ ገቡ። ሪግደን ሴፕቴምበር 1844 ተወግዞ ወደ ፔንሲልቬኒያ ተመለሰ፤ ከእሱ ተከታዮች አንዱ ዊልያም ቢከርተን በ1862 ያቋቋመው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። እነዚህን ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ ማለፍ አልችልም። የተሰጣቸውን ቃል ነው የጠበቁት።

ከርትላንድ ስሄድ የገረመኝ ሌላም አለ። ቤተ መቅደሱ ከመቶ ዓመት በላይ የነበረው በልጁ ቤተ ክርስቲያን እጅ ነው፤ ዛሬ የክርስቶስ ማኅበረሰብ በሚባለው። በማርች 2024 ለዩታው ቤተ ክርስቲያን ሸጡት። ናቩ ካሉ ቤቶችና ከአሮጌ ጽሑፎች ጋር 192.5 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቆመው መንበሩን በእጃቸው ሲዳስሱ አየሁ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም።

ቀጥሎ ኢንዲፔንደንስ፣ ሚዙሪ መሄድ አስቤያለሁ። እዚያ ምን ልይ?

ነገረፈጅ ጻፈ፦

ባዶውን መሬት እይ። ጆሴፍ በ1831 ታላቁ ቤተ መቅደስ እዚህ ይሠራል ብሎ ድንጋይ ያኖረበት ቦታ ነው። ዛሬም ሣር ነው። ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ይሆናል፤ የያዘችው የግራንቪል ሄድሪክ ተከታዮች የሆነች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በአንድ በኩል የክርስቶስ ማኅበረሰብ ቤተ መቅደስ፣ በሌላ በኩል የዩታዎቹ የጎብኚዎች ማእከል አለ። ታላቁን ቤተ መቅደስ ግን እስካሁን ማንም አልሠራበትም።

በ1891 የልጁ ቤተ ክርስቲያን መሬቱ ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። የፌዴራል ዳኛው የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ ወራሽ ከሳሽ ናት ብሎ በ1894 ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1895 ሻረው። ማን ነው ወራሹ የሚለውን አልነካም። ከሳሽ ዘግይቷል አለ። እኛ ይርጋ እንደምንለው ያለ ነው። የሥልጣን ጥያቄው ሳይመለስ መሬቱ ያዡ ጋ ቀረ።

እሙ_ሰላም ጻፈች፦

ያን የፍርድ ቤት ቃል እኔም አንብቤዋለሁ። አንድ ሰው ረስታችኋል።

መሬቱን በ1831 መጨረሻ የገዛው ጳጳሱ ኤድዋርድ ፓርትሪጅ ነው፤ 63 ኤከር በ130 ዶላር። በ1833 እዚያው ከተማ አደባባይ ላይ ሬንጅ ቀብተው ላባ የነሰነሱበት እሱን ነው። ልጁ ኤሚሊ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ናቩ ውስጥ ሲሞት ኤማ ቤት ልጅ ጠባቂ ሆና ገባች። በ1843 ጆሴፍ በድብቅ አገባት፤ 19 ዓመቷ ነው።

ከሳሾቹ ጆሴፍ ከአንዲት ሚስት በላይ አላገባም፣ ያንን ያመጡት የዩታዎቹ ናቸው ይሉ ነበር። ተከሳሾቹ ታዲያ በ1892 ምስክር ብለው የጠሩት ኤሚሊን ነው። 68 ዓመቷ ነበር። የሦስተኛው ጆሴፍ ቤተ ክርስቲያን ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድባት ዋለ። ሦስተኛው ጆሴፍ ማለት እሷ በልጅ ጠባቂነት በገባችበት ቤት ያደገው ልጅ ነው። አባቱ አግብቶሽ ነበር ወይ ስትባል፣ አዎ አለች። ክርክሩ አባቷ በገዛው መሬት ላይ ነበር።

ኮሎምበስ_ነዋሪ ጻፈ፦

እሙ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ኢንዲፔንደንስ ስደርስ መጀመሪያ አደባባዩ ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ ወደ ሣሩ እሄዳለሁ። ፎቶ አንሥቼ እዚሁ እለጥፍላችኋለሁ።